መዶሻውን ያላነሳኸው አንተ ነህ

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት አንድ ዓመት ተኩል ሠርተሃል። ባለፈው ሳምንት የወረደ የሲልቨራዶ ፒክአፕ ባለ 5.3 ሊትር ሞተር ስትገጥሙ አለቃህ የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ በመዶሻ ምታው አለህ። እምቢ አልክ። «ቀርፋፋ ነህ፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» አለህ። አጎትህም ትራክ ንዳ ይሉሃል። እውነት አልተፈጠርኩም ይሆን ብለህ ጠየቅከኝ።

ወንድሜ፣ ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት 11 ዓመት ሞተር ሳወርድና ስገጥም ኖሬ ነው። ልክ ነበርክ።

የዚያ ፑሌጃ መሐሉና የውጪው ቀለበት የተያያዙት በጎማ ነው። የክራንኩን ንዝረት የሚውጠው ጎማው ነው። ቀለበቱን ስትመታው ጎማው ይለቃል። ምቱ አልፎ ክራንኩ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ የሚይዘውን ኩሽኔታ ያገኘዋል። በዚያ ሞተር ላይ ደግሞ ፑሌጃው እንዳይዞር የሚቆልፈው ሽብልቅ እንኳ የለም፤ የያዙት ጥብቀቱና ቡሎኑ ብቻ ናቸው። ትክክለኛው መንገድ በመግጠሚያ መሣሪያ ነው፦ የመሣሪያውን ዘንግ ክራንኩ ውስጥ በደንብ ታጠልቃለህ፣ ዳዶውን በኪያቤ ታዞራለህ፣ ፑሌጃው ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ በአሮጌው ቡሎን እስከ 330 ኒውተን ሜትር አጥብቀህ ታስቀምጠዋለህ። አሮጌውን አውጥተህ አዲሱን በ50 ኒውተን ሜትር ታጠብቅና 140 ዲግሪ አዙረህ ትጨምራለህ። መግጠሚያውን የመለዋወጫ መደብሩ አውቶዞን በማስያዣ ያውስሃል።

እኔ በጀማሪነቴ እንደታዘዝኩ መትቻለሁ። መኪናው በሦስተኛው ሳምንት ቺንጋ እየበላ ተመለሰ። ሞተሩን አስነስተን ከፊት ቆሜ ሳየው ቀለበቱ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዝ ነበር። ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። አንተ ያን ቀን ከራስህ ላይ አስቀርተሃል።

ስለ አጎትህ፦ ትራክ ገንዘብ አለው፣ አልክድም። ግን እሳቸው የሚያስሉት የወሩን መላኪያ ነው፤ የአንተን ሃያ ዓመት አይደለም። ለስድስት ወር የምትልከውን በግማሽ ቀንስና ለቤተሰብህ በግልጽ ንገራቸው። ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ስድስት ወር ያልኩት በምክንያት ነው። ኤ ኤስ ኢ የሚባለው የአሜሪካ የመካኒኮች መመዘኛ ተቋም የሚሰጠው የሞተር ጥገና ምስክር ወረቀት ፈተናውን ማለፍና የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ፈተናውን ልምዱ ሳይሞላም መውሰድ ትችላለህ። አሁኑኑ ተመዝገብ።

ለእንግሊዝኛህ ማታ ማታ የጥገና ማንዋል አንብብ። ጋራዡ በር ላይ ከሚቆመው የመሣሪያ መኪና በዱቤ አትግዛ።

ወረቀቱን እስክትይዝ ሥራህን አትልቀቅ። ከዚያ ግን ሌላ ጋራዥ ፈልግ። ለቃለ መጠይቅ ስትገባ ቶርክ ሬንቻቸው (የጥብቀት መለኪያ ኪያቤያቸው) የት እንደተቀመጠ እይ፤ አቧራ ከለበሰ ተመለስ።