የራሴን የእንጨት ሥራ ብጀምር አስሜን ማን ያሳክምልኛል?

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጅማ ውስጥ በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ተቀጥረህ ትሠራለህ፤ በርጩማና ወንበር በራስህ ስም ማምረት ትፈልጋለህ፤ ቀለል ያለ አስም ስላለብህ ግን አሠሪህ የሚሸፍንልህ ሕክምና ሲቀር የሚቀበልህ መድኅን እንዳታጣ ፈርተሃል።

ወንድሜ፣ የሚቀበልህ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የተቋቋመው ለአርሶ አደሩና እንዳንተ በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ስለነበር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። አስም አለብህ ተብለህ አትመለስም፤ መዋጮህም በዚያ ምክንያት አይጨምርም። የሚከፈለው በዓመት፣ በቤተሰብ ነው። ከወላጆችህ ጋር የምትኖር ከሆነ፣ ዕድሜህ ከ18 ስላለፈ፣ በእነርሱ ላይ በተጨማሪ መዋጮ ትገባ እንደሆነ ወይም ለብቻህ ትመዘገብ እንደሆነ ቀበሌህን ጠይቅ።

የሚያስቸግረው ወቅቱ ነው። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ከከፈልክ በኋላም አገልግሎቱ እስኪጀምር የምትጠብቀው ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌ ሄደህ ምዝገባው የሚከፈትበትን ወር አጣራ፤ መልቀቂያህን ከዚያ በኋላ አስገባ። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው።

አባል ስትሆን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በቀጥታ አትሂድ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከጤና ጣቢያህ ጀምረህ በሪፈር ወረቀት ነው የምትሄደው፤ ዘለህ ከሄድክ ከኪስህ ትከፍላለህ። የምትጠቀምበት ኢንሄለር በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ይገኝ እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ። መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ለአንድ ኢንሄለር የሚሆን ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ።

የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሕክምና ሽፋን በአብዛኛው የሚሸጡት ለድርጅቶች ስለሆነ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ከሞከርክ ግን ቅጹ ላይ «በሽታ የለብኝም» ብለህ አትፈርም፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከመድኅኑ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የእንጨት ብናኝ አስም ያባብሳል። ተቀጣሪ ሳለህ ከመጋዙ ርቀህ ማጣበቅና ማሰር ትችል ይሆናል፤ ብቻህን ስትሆን ግን መሰንጠቁም፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱም፣ ቫርኒሹም ያንተ ነው። የመነሻ ካፒታልህን ስታሰላ ከመጋዙ ዋጋ ጎን የብናኝ መሳቢያና ደህና ጭንብል አስገባ፤ ቦታ ስትከራይም በሁለት በኩል የሚከፈት ፈልግ።