የርብ ተፋሰስን የደን መቆራረጥ ለምታጠኚው እኅቴ፦ የ10 ሜትሩን ምስል ከ30 ሜትሩ ጋር አታወዳድሪ

እኅቴ፣ በርብ ተፋሰስ ያለውን የደን መቆራረጥ፣ ማለትም ደኑ ወደ ትንንሽ ቁራጮች መበጣጠሱን፣ ከ1986 እስከ 2022 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሳተላይት ምስል ለማጥናት እንዳሰብሽ ገልጸሽ፣ ለቅርቡ ዓመት የአውሮፓን ሳተላይት ሴንቲነል 2ን ብትጠቀሚ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት በጎረቤትሽ በጉማራ ተፋሰስ ነው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ስለሚገቡ እኔን የገጠመኝ አንቺንም እንደሚገጥምሽ አልጠራጠርም። ስለ ሶፍትዌሩ ሌሎች ስለመለሱልሽ እኔ ዋጋ ያስከፈለኝን ብቻ ልንገርሽ።

1ኛ. የፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት የአንዷ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ መጠን በሁሉም ዓመት አንድ ይሁን። እኔ ለ1986 እና ለ2000 የአሜሪካኖቹን ሳተላይት የላንድሳትን የ30 ሜትር ምስል (አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 30 በ30 ሜትር የሚሸፍን) ወስጄ፣ ለ2020 ግን የተሻለ ጥራት አለው በሚል የሴንቲነል 2ን የ10 ሜትር ምስል ተጠቀምኩ። ምደባው (እያንዳንዱን ፒክስል ደን ወይም እርሻ እያሉ መለየቱ) አምሮ ወጣ፤ የትክክለኛነት መለኪያውም አጥጋቢ ነበር። በ2020 የቁራጭ ደኖች ብዛት ከእጥፍ በላይ ሲያሻቅብ፣ አማካይ ስፋታቸውም ሲያሽቆለቁል ባየሁ ጊዜ ደኑ ተበጣጥሷል ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን ለማቅረብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የውጭ ፈታኙ ረቂቁን አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩልኝ፦ «የተቆራረጠው ደኑ ነው ወይስ ፒክስሉ?»

ያን ሌሊት ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቼ ስመለከት ቆየሁ። ከወንዙ ዳር ዳር የሚሄደው ቀጭን የዛፍ መስመር በ30 ሜትሩ ምስል ከእርሻው ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል፤ በ10 ሜትሩ ግን እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላል፣ እያንዳንዱም ብቅታ ራሱን የቻለ ደን ተብሎ ተቆጥሯል። በየቤቱ ጓሮ የቆሙት ጥቂት ዛፎችም እንደዚሁ። አንድ የላንድሳት ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ስለሆነ ዘጠኝ የሴንቲነል ፒክስሎችን ይይዛል። አገራችን በ2015 ያጸደቀችው የደን ትርጓሜ ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ ስፋት፣ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ቁመትና ከ20 በመቶ የሚበልጥ የዛፍ ሽፋን ይጠይቃል። ግማሽ ሄክታር በላንድሳት ስድስት ያህል ፒክስል ሲሆን በሴንቲነል 50 ይሆናል፤ እኔ ግን ነጠላ ፒክስሉን ሁሉ ሳላጣራ ቆጥሬ ነበር። ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ወደሚቀጥለው መንፈቅ ተላለፈ፤ የቤት ኪራይና የአምስት ወር ድካም በከንቱ ወጣ። የ2020ን ምስል በላንድሳት 8 እንደገና መደብኩ፣ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጡትን ቁራጮች በሁሉም ዓመታት በአንድ ዓይነት መንገድ አወጣሁ፣ ያ ያስደነገጠኝ ጭማሪም አብዛኛው ጠፋ። እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው፤ ሴንቲነልን ለማረጋገጫ ተጠቀሚበት፣ ለንጽጽር ቆጠራ ግን ላንድሳት 8ን ወይም 9ን ውሰጂ።

2ኛ. ከ2003 ግንቦት መጨረሻ በኋላ የተነሣ የላንድሳት 7 ምስል ለዚህ ሥራ አይሆንሽም። የሳተላይቱ የመስመር ማስተካከያ፣ የምስሉን መስመሮች የሚያገጣጥመው መሣሪያ፣ በዚያን ጊዜ ስለተበላሸ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህሉ ባዶ ሽንትር ነው፤ ለሌላ ጥናት ሊሞላ ይችል ይሆናል፣ ለመቆራረጥ ጥናት ግን ሽንትሩ ራሱ ደኑን ይቆራርጠዋል። ላንድሳት 5 እስከ 2011 ምስል ያነሣ ስለነበር በመካከል ላሉት ዓመታት እሱን ፈልጊ።

3ኛ. ባሕር ዛፍን ከአገር በቀሉ ደን ሳትለዪ ምንም ቁጥር አትጻፊ። ይህን ለመለየት በየቀበሌው መቼ እንደተተከለ የሚያሳይ መረጃ ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የትብብር ደብዳቤው የተጻፈው ለሌላ ክፍል ነው ተባልኩ፤ አስተካክዬ ስመለስ ፈራሚው የሉም፤ በአራተኛው ቀን አንድ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከሰማይ ካያችሁት ከእኛ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለኝ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ከሰማይ የማይታየውን ፍለጋ ነበርና የሄድኩት።

የጠፋብኝን ያገኘሁት በእግሬ ሄጄ ነው። በፋርጣ በኩል ባለ አንድ ደብር፣ በምስሌ ላይ ደኑ ከ1986 ወዲህ ሰፍቶ ይታይ ነበር። ቄሰ ገበዙ ተቀብለውኝ በድንጋዩ ቅጥር ዙሪያ አብረን ዞርን። ከቅጥሩ ውስጥ ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ፤ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ድንጋዩን እየነካ የተተከለ የገበሬ ባሕር ዛፍ። እርሳቸው በመቋሚያቸው ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ፣ በልጅነታቸው ወይራው እስከ ምንጩ ይደርስ እንደነበር ነገሩኝ፤ አሁን ምንጩ አጠገብ ያለው ጤፍ ነው። ሳተላይቱ ሁለቱን አረንጓዴዎች አንድ አድርጎ «አደገ» ያለው ደን በእውነቱ ጠቧል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የብዙ ዓመታትን የአረንጓዴነት መጠን በተከታታይ አየሁ፤ ባሕር ዛፉ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቆረጥ መጠኑ ድንገት ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ግን ብዙም አይናወጥም። በጥናቴ ከምኮራበት ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ፈታኙም በመጨረሻ ያመሰገኑኝ በእርሱ ነው።

የውስጠኛውን ደን ስፋት ስታሰዪ የጠርዝ ርቀቱን፣ ማለትም ከደኑ ዳር ወደ ውስጥ ስንት ሜትሩ እንደ ጠርዝ ተቆጥሮ እንደሚቀነስ፣ በጥንቃቄ ምረጪ። አምስት ሄክታር የሆነ ክብ ደን ከመሐሉ እስከ ዳሩ 126 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 100 ሜትር ጠርዝ ካልሽ ከውስጡ የሚተርፍልሽ ሩብ ሄክታር እንኳ አይሞላም። እኔ በ30፣ በ60 እና በ90 ሜትር አስልቼ ሦስቱንም አቅርቤአለሁ።

ምስሎችሽን ከጥርና ከየካቲት ብቻ ምረጪ፤ በጥቅምት ያልታጨደው ሰብል ከዛፉ ጋር ይምታታብሻል። ለመስክም በእነዚሁ ወራት ውጪ። የጉማራን የጂፒኤስ ነጥቦቼን በውስጥ መስመር ከጻፍሽልኝ እልክልሻለሁ፤ የርብን ግን ራስሽ እየዞርሽ መያዝ አለብሽ።