ድኻዋ ባልቴት የምድጃ ግብር መክፈል ነበረባት?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ገጠር ታሪክ እያጠናሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ በኪራይ ቤት የምትኖር፣ አንድ ምድጃ ብቻ ያላት ድኻ ባልቴት የምድጃ ግብር መክፈል ነበረባት? ምድጃዋን ብትደፍነውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መነሻው በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ዘመን፣ በ1662 የወጣው ሕግ ነው። ለአንድ ምድጃ በዓመት 2 ሽልንግ ይከፈላል፤ ግማሹ በብሥራት በዓል (ማርች 25)፣ ግማሹ በቅዱስ ሚካኤል በዓል (ሴፕቴምበር 29)። ዕዳው የአከራዩ ሳይሆን የነዋሪው ስለሆነ ተከራይነቷ አያድናትም።

የሚያድናት ድህነቷ ነው። አቅም አጥታ ለቤተ ክርስቲያኑና ለድሆች መርጃ የሚሰበሰበውን መዋጮ የማትከፍል ከሆነ ነፃ ናት። ያ ባይሆን እንኳ የቤቷ ዓመታዊ ኪራይ ከ20 ሽልንግ (አንድ ፓውንድ)፣ የምትይዘው መሬትም ከዚያው ግምት ካላለፈ፣ ንብረቷም 10 ፓውንድ ካልሞላ ነፃ መባል ትችላለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የሚታየው የምትከፍለው ኪራይ ሳይሆን ቤቱ በገበያ ሊያወጣ የሚችለው ኪራይ ነው። ዘመድ አዝኖላት በ10 ሽልንግ ቢያከራያትም፣ ቤቱ 30 የሚያወጣ ከሆነ በዚህ በኩል መከራከሪያ የላትም።

ለዚህ ደግሞ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል። የደብሩ ቄስና የአጥቢያው ሹሞች ፈርመውላት ሁለት የአካባቢ ዳኞች ያጸድቁታል። ጠበቃዋ ብሆን ኖሮ ሰብሳቢው በሯን ሳያንኳኳ ወደ ቄሱ ይዣት እሄድ ነበር፤ ያለ ወረቀት ከተገኘች ድስቷንም ቢሆን በዕዳው ሊይዙባት ይችላሉ።

መድፈኑን በፍጹም አልመክራትም። የ1664ቱ ማሻሻያ ግብር ለማምለጥ ምድጃ የደፈነን እጥፍ ያስከፍላል። ከሁለት በላይ ምድጃ ያለውም ድኻ ነኝ ቢል አይሰማም። በኦክስፎርድሺር፣ ቸርችል በተባለች መንደር በ1684 የደረሰውም ይታወሳል፤ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከግብሩ ለመሸሽ ግድግዳ ነድላ ጭሷን ወደ ጎረቤቷ ጭስ ማውጫ አሳለፈች፣ በተነሣውም ቃጠሎ አራት ሰዎች እንደሞቱና 20 ያህል ቤቶች እንደወደሙ ይነገራል።

በእኔ እምነት ትልቁ በደል 2 ሽልንጉ አልነበረም። ማሻሻያው ሰብሳቢው ከመንደሩ ሹም ጋር ቤት ገብቶ ምድጃ እንዲቆጥር ፈቀደለት። በ1689 ንጉሥ ዊልያምና ንግሥት ሜሪ ግብሩን ሲሽሩ በሕጉ የሰፈረው ምክንያትም ይኸው ነው፦ የማይታወቅ ሰው እንዳሻው የሰው ቤት ገብቶ መፈተሹ በሕዝብ ላይ የባርነት ምልክት ነው ተባለ።

የአንድን መንደር ነዋሪዎች በስም ለማየት ከፈለጉ፣ ለንደን ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ብዙዎቹን መዝገቦች ይዟል፤ ከከፋዮቹ ሌላ ነፃ የተባሉትን ድሆች የሚዘረዝሩም አሉ።