ለምርምር ኤምአርአይ ለምትጋበዙ ልጆች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ለምታድጉ የእኛ ልጆች ነው። ሥራዬ ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል፣ ማንሳት ነው። ብዙ ዓመት ያነሳሁት ሕሙማንን ሳይሆን፣ ለአንጎል ጥናት ፈቅደው የሚመጡ ጤነኛ ልጆችን ነው። አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለ ግብዣ በትምህርት ቤት በኩል ደርሷችሁ ይሆናል። ብትሳተፉ ደስ ይለኛል። እሺታው ግን የራሳችሁ ይሁን።

ለምን እንደሚፈልጓችሁ ልንገራችሁ። አንጎል፣ በተለይ የፊተኛው ክፍሉ፣ ሃያ ዓመት ካለፈም በኋላ መብሰሉን ይቀጥላል። ይህን ለማየት አንድ ጊዜ ማንሳት አይበቃም። ያንኑ ልጅ እያደገ ሲሄድ ደጋግሞ ማንሳት ያስፈልጋል። ትልቁ ምሳሌ ኤቢሲዲ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ምዝገባ ሲጀምር የተቀበለው የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ነው። በ21 ማዕከላት ከ11,000 በላይ ልጆች ገቡበት። በየሁለት ዓመቱ ኤምአርአይ ይነሳሉ፤ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ስልካቸው፣ ስለ መጠጥና ዕፅ ይጠየቃሉ። የስደተኛ ልጆች እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ከሌሉበት፣ «የልጅ አንጎል እንዲህ ያድጋል» የሚለው ድምዳሜ እናንተን ሳያይ ይጻፋል። ይሄ ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል። እናቱ ስትፈርም እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት፤ አክብሮቱን አልነቅፍም። ምርምር ቤት ግን ዝምታችሁ መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅ ራሱ እንዲጠየቅ ያዛል። ልጁ ስላልተቃወመ ብቻ ተስማምቷል ተብሎ አይወሰድም ይላል። ስለዚህ በአፋችሁ ተናገሩ። ካልፈለጋችሁ «አልፈልግም» በሉ፤ ማንንም መናቅ አይደለም። ጀምራችሁ መሃል ላይ ማቆምም ትችላላችሁ። ክፍያ ስላለው ብቻ መጨረስ አለብን አትበሉ።

ሌላም አለ። የባንኩን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ለእናትና ለአባታችሁ የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ። ይሄኛውን የፈቃድ ፎርም ግን እናንተ አትተርጉሙ። ስለ ራሳችሁ የሚያወራ ወረቀት ነው፤ የሚያስፈራውን ወይም ያልገባችሁን ዘላችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ። ወላጆቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል። አስተርጓሚ ጠይቁ። ብዙ ወላጆቻችን «ልጄ በነጻ ተመረመረ» ብለው ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። ለምርምር የሚነሳ ምስል ሕመም ለመፈለግ የሚነሳ አይደለም። «ያልተጠበቀ ነገር ብታዩ ለማን ትናገራላችሁ?» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ማሽኑን አትፍሩት። እንደ ኤክስሬይ ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። የምታስቡትንም አያነብም። ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም ማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል፤ ይህ ልዩነት በኤምአርአይ ምስል ላይ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየው ሴጂ ኦጋዋ የሚባል ጃፓናዊ ሳይንቲስት ነው። አንጎል ሲሠራ እኛ የምናየው ያንን የደም ለውጥ ነው። ጎበዝ ናችሁ ወይስ ሰነፍ የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ አይወጣም።

የቀጠሮው ቀን ብረት የሚባል ነገር ሁሉ ይወልቃል። የማዕተባችሁ ክር ምንም አይልም፤ ክሩ ላይ ያለው መስቀል ግን ውጭ ይቆያል፣ ለእናታችሁ ስጧት። ሹሩባ የተሠራችሁ ልጆች አስቀድማችሁ ደውሉ። ጭንቅላት የሚገባበት መሣሪያ ጠባብ ነው፤ ፀጉሩ ከኋላ ከተቋጠረ ወይም ዶቃና ብረት ካለበት ችግር ይሆናል። ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጣ የተሠራችውን ሹሩባ በሩ ላይ «ፍቺው» ማለት ትክክል አይደለም። ይህን ቀድሞ መንገር የእኛ ሥራ ነው፤ ካልነገርናችሁ ውቀሱን። ጥርሳችሁ ላይ ብሬስ (ማስተካከያ ሽቦ) ካለም ተናገሩ፤ ምስሉን ያበላሻል።

ድምፁ ከባድ ነው፤ ጆሮ መሰኪያ ይሰጣችኋል። ብዙ ቦታ መለማመጃ የሚሆን፣ ማግኔት የሌለው ማሽን አለ፤ «መጀመሪያ እሱ ውስጥ ልተኛ» በሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ እንኳ ምስሉን ስለሚረብሽ፣ ማሳል ወይም አፍንጫ ማከክ ካማራችሁ ድምፁ እስኪቆም ጠብቁ። እጃችሁ ላይ የምትጨመቅ ኳስ እንሰጣችኋለን። ከጨመቃችኋት እናቆማለን። ለምን ጨመቅሽ፣ ለምን ጨመቅክ የሚል ቁጣ የለም።

የፎርሙን ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አስቀምጡ። ለዓመታት በሚቆይ ጥናት ውስጥ ከሆናችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ 18 ዓመት ሲሞላችሁ ፈቃዱ እንደገና ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ የምትፈርሙት እናንተ ብቻ ናችሁ። በልጅነቴ እሺ ብያለሁ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት።