ከመርፌው በኋላ ፕሮቲኑ የት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

በመርፌ የሚሰጡ የፕሮቲን መድኃኒቶች በእንስሳት አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጩ ብዙ ጠይቃችኋል። በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምን በመርፌ? በእንክብል ቢሰጡስ?

መልስ፦ ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጯቸዋል። ከጥቂቶች በቀር በአፍ አይሰጡም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ተወግቶ ቶሎ ይሠራል። አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ግን ደም ውስጥ እስኪሞላ ቀናት ይፈጃል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ አስተውለሻል። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን 5,800 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው፤ አንቲቦዲ ግን 150,000 ገደማ። ትንሹ እዚያው ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልኮ ይገባል። ትልቁ አያልፍም፤ በሊምፍ፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች በራሱ ቱቦዎች ወደ ደም በሚመለሰው ፈሳሽ፣ በኩል ዞሮ ነው ደም የሚደርሰው። ይህ በበጎች ላይ ተፈትሿል። እግራቸው ላይ ተወግተው ከዚያው እግር የሚወጣው ሊምፍ ሲቀዳ፣ ሞለኪውሉ በተለቀ ቁጥር በሊምፍ የሚያልፈው ድርሻ ጨምሮ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ ለሁሉም አካል እኩል ይዳረሳል?

መልስ፦ በፍጹም። የጉበትና የጣፊያ ደም ሥሮች ሰፋፊ ቀዳዳ አላቸው። የጡንቻው ጠበብ ይላል። የአንጎሉ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ካለው አንቲቦዲ አንጻር ጡንቻ ውስጥ የሚገኘው 4 በመቶ ገደማ ነው፤ አንጎል ውስጥ ከ1 በመቶ በታች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእንስሳው አንጎል ደሙ ሳይታጠብ ከተለካ፣ በደም ሥሮቹ የቀረው ደምም አብሮ ይለካል። ሒሳቡን እንሥራው። እውነተኛው የአንጎል መጠን ከፕላዝማው 0.2 በመቶ ነው እንበል። በ100 ግራም አንጎል ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ደም ቢቀር፣ ግማሹ ገደማ ፕላዝማ ነው። ይህ ብቻውን 0.5 በመቶ ይጨምራል። ከተለካው አብዛኛው እንግዲህ ከደም ሥር ያልወጣ መድኃኒት ነው! «መድኃኒታችን አንጎል ይገባል» የሚል ውጤት ስታዩ፣ ደሙ ታጥቧል ወይስ በሒሳብ ተቀንሷል ብላችሁ ጠይቁ። የአልዛይመር ታማሚ ቤተሰቦች ተስፋ የሚጥሉት እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ጥያቄ፦ በሙከራችን ታይሮይድ ላይ ብዙ ጨረር አየን። መድኃኒቱ እዚያ ይጠራቀማል ማለት ነው?

መልስ፦ ፕሮቲኑን ለመከታተል የለጠፋችሁበት ጨረር አመንጪው አዮዲን 125 ከሆነ፣ ያያችሁት አዮዲኑን ብቻ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲኑ ሲፈራርስ አዮዲኑ ይለቀቃል፤ ታይሮይድ ደግሞ ይስበዋል። የለጠፋችሁት ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ዚርኮኒየም 89፣ ከሆነ ደግሞ የተለቀቀው አጥንት ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የአይጥ ውጤት ለሰው ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ አይወሰድም። ኤፍሲአርኤን የሚባል ተቀባይ አንቲቦዲን ከመፈራረስ አድኖ ወደ ደም ይመልሳል። የአይጡ ተቀባይ የሰውን አንቲቦዲ ከእኛው ተቀባይ አጥብቆ ይይዛል። ለዚህ ነው ጦጣዎች ወይም የሰው ተቀባይ እንዲኖራቸው የተደረጉ አይጦች የሚመረጡት። ሌላም አለ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የእንስሳው ሰውነት በባዕዱ ፕሮቲን ላይ የራሱን አንቲቦዲ ሊያመርት ይችላል። መድኃኒቱ ከደም ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።