የኖርዝፊልድ ባንክ ዘረፋ፦ ጠይቁኝ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7, 1876 ስምንት ሽፍቶች በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ያለችውን ትንሿን ከተማ ኖርዝፊልድን ባንክ ሊዘርፉ ገቡ። ይህን ታሪክ ዓመታት ተከታትዬዋለሁ፤ ያላችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሽፍቶቹ እነማን ነበሩ?

መልስ፦ ሁለቱ የጄምስ ወንድማማቾች ጄሲና ፍራንክ፣ ሦስቱ የያንገር ወንድማማቾች ኮል፣ ጂምና ቦብ፣ ከነሱም ጋር ሌሎች ሦስት። የመጡት ከሚዙሪ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ብር ይዘው ወጡ?

መልስ፦ 26 ዶላር ከ70 ሳንቲም ገደማ! ይህ የሆነው በአንድ ሰው ነው። ዋናው ገንዘብ ያዥ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ተክቶት የሚሠራው ጆሴፍ ሊ ሄይዉድ ነበር፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አባት። «ካዝናውን ክፈት» አሉት። «የሰዓት ቁልፍ አለው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ አይከፈትም» አላቸው። መቱት፣ አንገቱ ላይ ቢላ አደረጉበት። ንቅንቅ አላለም። የሚገርመው ካዝናው በሩ ተገጥሞ እንጂ ተቆልፎ አልነበረም። ማንም ሳብ አድርጎ አልሞከረውም። ሲወጡ ጭንቅላቱን በጥይት መትተው ገደሉት። ሰው ሁሉ ጄሲ ጄምስን ያወራል፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ሰው ሄይዉድ ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ የት ነበር?

መልስ፦ የተዋጋው ሕዝቡ ነው። ለእረፍት ቤቱ የመጣው የሕክምና ተማሪ ሄንሪ ዊለር ከሆቴል መስኮት፣ የብረታ ብረት ነጋዴው ማኒንግ ከመንገድ ጥግ ተኮሱ። ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሁለት ሽፍቶች እዚያው ወደቁ። ኒኮላስ ጉስታቭሰን የሚባል ስዊድናዊ ስደተኛም መንገድ ላይ ተመትቶ ከቀናት በኋላ ሞተ።

ጥያቄ፦ ጄሲ እንዴት አመለጠ?

መልስ፦ ወሬው በቴሌግራፍ ሽቦ ተዛመተ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ለአሰሳ ወጣ። ዝናቡ ግን ዱካ ያጠፋ ነበር። ሽፍቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ጄሲና ፍራንክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዳኮታ አመለጡ። ያንገሮቹ ቆስለው፣ በእግራቸው ጫካ ለጫካ ሲሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አስለ ኦስካር ሶርብል የሚባል የ17 ዓመት የገበሬ ልጅ አያቸው። ጠረጠረ። ፈረስ ላይ ወጥቶ ወደ ማዴሊያ ከተማ ጋለበ። ረግረግ አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተከበቡ፤ አብሯቸው የነበረው ሽፍታ ቻርሊ ፒትስ ሞተ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች ተያዙ።

ጥያቄ፦ ለምን አልተሰቀሉም?

መልስ፦ ጥፋታቸውን ስላመኑ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ቦብ 1889 እስር ቤት ሞተ፤ ሁለቱ በ1901 በአመክሮ ወጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ሚኒያፖሊስ ነኝ። የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ እህቴ! በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባንኩ ሙዚየም ሆኗል። ሄይዉድ የወደቀበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆም በይልኝ።