ከፓንክ ወደ ስዊንግ፦ ቀኝ እጃችሁን አትጣሉት

«ሦስታችንም በፓንክ ባንድ ያደግን ነን። ከበሮ ሳይኖረን በሁለት ጊታርና በአንድ ኮንትራባስ ስዊንግ ጃዝ ብንጫወት ያምርብናል ወይስ መሳቂያ እንሆናለን?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት፦ መጀመሪያ መሳቂያ ትሆናላችሁ፣ ከዚያ ያምርባችኋል። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጯኺ ሮክ ተጫውቼ፣ ከሁለት የዚያ ዘመን ጓደኞቼ ጋር ወደ ስዊንግ ስለተሻገርኩ ነው እንዲህ የምላችሁ። እዚያው ከተማ የፓንክ ባንዱ የባድ ብሬይንስ አባላት መንገዱን በተቃራኒ ሄደውበታል፤ ጃዝን ከሮክ የሚያዋህደውን ጃዝ ፊውዥን እየተጫወቱ ጀምረው ነው ፓንክ ውስጥ የገቡት።

ከበሮ አለመኖሩ አያስጨንቃችሁ። ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርትና ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ የመሠረቱት ቡድንም ከበሮ አልነበረውም፤ ሥራውን የሚሸፍኑት አጃቢ ጊታሮቹና ኮንትራባሱ ነበሩ። ይህ ጊታር የመምታት ስልት «ላ ፖምፕ» ይባላል። በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ለስለስ ይላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ጠንከር ብሎ ይመታና ወዲያው ይታፈናል። ማፈኑ የግራ እጅ ሥራ ነው፤ ጣቶቹ ከክሩ ሳይነሡ ጫናቸውን ብቻ ያላላሉ። ክራር በግርፍ ሲመታ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያም የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር እያፈኑ ነው ዜማው የሚወጣው። እኔ ክራር እያየሁ አድጌ እንኳ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ለዓመታት የለመድኩት ድምፅ ማብዛት እንጂ ድምፅ መቁረጥ አልነበረም።

ቀኝ እጃችሁ ግን ሀብት ነው። የፓንክ ባንዱ የራሞንስ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ጊታሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ እየመታ እንዴት እንደሚያስጮኸው ታውቃላችሁ። በጃንጎ ስልትም ወደ አዲስ ክር በተሻገሩ ቁጥር የሚመታው ወደ ታች ነው፤ መምቻው የተመታውን ክር አልፎ ቀጣዩ ላይ ያርፋል። ጃዝ በትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወዳጃችን ይህን ለመልመድ ሲንገላታ፣ የእኛ ሁለተኛ ጊታር ተጫዋች በሳምንት ያዘው።

ለመጀመሪያ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1937 የተቀረጸውን የጃንጎንና የግራፔሊን «ማይነር ስዊንግ» ያዙ። አብዛኛው በሦስት ኮርድ ያልቃል፤ ሦስት ኮርድ ደግሞ ለእናንተ ብርቅ አይደለም። ጣቴ አልታዘዝ አለ የሚል ካለ፣ ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ1928 ግራ እጁን እሳት ካቃጠለው በኋላ ሶሎውን በአብዛኛው በሁለት ጣት ይጫወት እንደነበር ንገሩት።

የሚያጠፋችሁ ፍጥነት ነው። የመጀመሪያ ምሽታችንን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ስንጫወት፣ ደም ስራችን ሳይረጋ ጀመርንና ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ለመደነስ ተነሡ። አራት እርምጃ ያህል ሞከሩ፤ ባልየው ደረቱን ይዞ ሳቀና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የእኔ ክንድ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ የኮንትራባስ ተጫዋቻችን ጣት ደግሞ ውኃ ቋጠረ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ስንጀምር አንዳችን ተነሥቶ ክፍሉ ውስጥ ዘና ብሎ ይራመዳል፤ ምቱን የምንይዘው ከእርሱ እግር ነው።

ወፍራም መምቻ ግዙ፤ ቀጭኑ ክሩ ላይ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን የዲስቶርሽን ፔዳላችሁን ግን አትሽጡ። የእኛው ሁለተኛ ጊታር ተጫዋች ሸጦ፣ እስከ ዛሬ የገዛውን ሰው እየደወለ ይለምናል።